ምስሉ መርዶውን ሳይቀድም

አብራኝ የምትኖረው ጓደኛዬ ቴሌቪዥን ላይ ሬሳ ባየች ቁጥር የምትጠይቀው አንድ ጥያቄ ነበራት። «ለቤተሰቡ መርዶ ተነግሮ ይሆን?» ትላለች። ሟቹ የየትም አገር ሰው ይሁን፣ ወንድ ይሁን ሴት፣ ጥያቄዋ ያው ነው። እኔ የተንታኞቹን ክርክር ለመስማት ጆሮዬን ስተክል እሷ ስለ መርዶ ታወራለች፤ ያናድደኝ ነበር።

«እስቲ ዝም በይና ሰዎቹ የሚሉትን እንስማ» እላታለሁ።

«እናቱ እኮ ይሄኔ እንደኛው ተቀምጣ እያየች ይሆናል» ትለኛለች። ከዚያ ተነስታ ጣቢያውን ትቀይረዋለች። በእሷ የተነሳ ስንቱን ክርክር ሳልጨርስ ቀርቻለሁ።

የምንኖረው ካርቱም፣ ዴም በሚባለው ሰፈር፣ ከአንድ ሰፊ ግቢ ጥግ ባለች ክፍል ነበር። ሁለታችንም ወሎዬ ነን፤ እሷ ሙስሊም፣ እኔ ክርስቲያን። እሷ ሰው ቤት ትሠራለች፤ እኔ ከመንገዱ ዳር ትንሽ ምግብ ቤት ነበረችኝ። ጁሙዓ የእረፍት ቀኗ ስለሆነ አገር ቤት ለእናቷ ትደውላለች። እናቷ የራሳቸው ስልክ የላቸውም፤ የሚያወሩት በጎረቤት ስልክ ነው። ከልጃቸው ጋር ሲጨርሱ «በይ ያችን የክርስቲያን ልጄን አገናኝኝ» ይላሉ። በአካል ተያይተን አናውቅም። ግን ገና «እንደምን ሰነበቱ እማ» ከማለቴ «ዛሬስ ጉንፋን ይዞሻል» ወይም «ዛሬ የተጣላሽው ሰው አለ» ይሉኛል፤ ስተውም አያውቁም።

ጓደኛዬ መርዶ ላይ እንዲያ የምትጨነቅበት ምክንያት ነበራት። ታላቅ እህቷ ዓረብ አገር ሠርታ ስትኖር እዚያው ሞታለች። ሽማግሌዎቹ ተሰብስበው፣ እንደ ወጉ ጎህ ሲቀድ ሄደው ለእናትየው ሊያረዱ ተቀጣጥረው ሳለ፣ አንዲት ወሬውን የሰማች ሴት ገበያ መሃል አግኝታ «አላህ ሶብሩን ይስጥዎ» አለቻቸው። «ለምኑ?» ብለው ጠየቋት። እዚያው እህል ሻጮቹ ፊት ወደቁ። የሚይዛቸው የራሳቸው ሰው አጠገባቸው አልነበረም። ከዚያ ወዲህ ልባቸው ደህና አይደለም፤ ግራ እጃቸውም እንደ ድሮው አይታዘዝላቸውም። ጓደኛዬ ይህን ስታነሳ ሁልጊዜ የምትለው አንድ ነገር ነው፤ «መርዶ የሚነገረው የሚይዝ ሰው ኖሮ ነው።»

ምግብ ቤቴ ውስጥ ግን ሌላ ወግ ነበር። ያኔ አገር ቤት ጦርነት በነበረ ጊዜ ደንበኞቼ ለሁለት ተከፍለው ይከራከሩ ነበር። አንዱ በቃላት ሲረታ ስልኩን ያወጣና የሞተች ሴት ምስል ጠረጴዛው ላይ ያኖራል። «ይሄንንስ ምን ትለዋለህ?» ይላል። ሌላውም የራሱን ወገን ሬሳ ፈልጎ ያወጣል። ሬሳ በሬሳ ላይ ይጣላል፣ በመሃሉ ሽሮው ይቀዘቅዛል። እኔም ከማንም አላንስም ነበር፤ ጭልፋ ይዤ ከጓዳ ብቅ እልና የእኔን ምስል አሳያለሁ። እሷ ልታግዘኝ የመጣች ቀን ሳህን ስታነሳ ስልኮቹን እየዞረች በግንባራቸው ትደፋቸዋለች። ይስቁባታል። እኔም እስቅባታለሁ።

ኋላ ጦርነት እኛው ዘንድ፣ ካርቱም መጣ። የሚወጣ ወጣ፤ ግማሹ በገዳሪፍ በኩል ወደ አገሩ፣ ግማሹ ወዳላወቀው ቦታ። የእሷ አሠሪዎች ቁልፍ አስጨብጠው «ቤቱን እያየሽ ቆዪ፣ እንመለሳለን ኢንሻአላህ» ብለዋት ሄዱ። እሷ ቃል ሰጥቻለሁ አለች፤ እኔ ምግብ ቤቴን ጥዬ የትም አልሄድም አልኩ። ሁለታችንም ቂሎች ነበርን። ቤቱ ተዘረፈ፣ ምግብ ቤቴም በሩ ሳይቀር ተወሰደ፣ መውጣት በፈለግንበት ጊዜ ደግሞ መንገዱ ተዘግቶ ነበር። ስለዚህ ተኪያ ገባን። ተኪያ ሰፈሩ አዋጥቶ በትልቅ ድስት የሚያበስልበት ቦታ ነው፤ ምስር ወይም ባቄላ ይቀቀላል፣ ሰው ዕቃውን ይዞ ይሰለፋል። ያለ እሱ አንሰነብትም ነበር።

የሚተኩሱት ሁለቱም ተዋጊ ወገኖች ናቸው። ከወንዙ ማዶ ያሉት ወደኛ ይተኩሳሉ፣ እኛ ሰፈር ያሉት ወደ ማዶ ይተኩሳሉ። አንዳንዴ የዚህኞቹም አጭር ቀርቶ እዚሁ ይወድቃል። የካርቱም ሰው የሚወድቀውን ከባድ ጥይት «ዳና» ይለዋል። ከየት እንደመጣ በድምፁ እናውቃለን የሚሉ ነበሩ፤ እኔ አንድም ጊዜ አውቄ አላውቅም።

የዚያን ቀን ጠዋት እሷ ግቢው ውስጥ ለተኪያው ምስር ትለቅም ነበር። እኔ ውሃ ልቀዳ ወደ መስጊዱ ጉድጓድ ሄድኩ። ሰልፉ ላይ ሳለን ፍንዳታው ተሰማ፤ ሁላችንም መሬት ላይ ተኛን። ሲረጋጋ ተነስተን ልብሳችንን አራገፍንና እየተያየን ወደየቦታችን ተመለስን። እኔም ቦታዬን ያዝኩ። ራቅ ያለ ነበር የመሰለኝ። ተራዬን ጠብቄ፣ ጄሪካኔን ሞልቼ ነው የተመለስኩት።

ስደርስ አልቋል። መጀመሪያ የደረሱት ጎረቤታችን ሐጃ ነበሩ፤ ሱዳናዊት ናቸው፣ ባልቴት። እሳቸው ሲደርሱም ነፍሷ ወጥታ ነበር። ማንም አጠገቧ አልነበረም። የወደቀው በር ላይ አንድ የማላውቀው ሰው ቆሞ በስልኩ ይቀርጻል። ሐጃ የለበሱትን ቶብ፣ የሱዳን ሴቶች የሚከናነቡትን ረጅም ጨርቅ፣ ከትከሻቸው ፈትተው ከራሷ እስከ እግሯ አለበሷት፣ እሳቸው በውስጥ ልብስ ቀሩ። ሰውዬው ግን የሚፈልገውን ወስዶ ጨርሶ ነበር።

ሐጃ ከአንዲት ሌላ ሴት ጋር አጠቧት። ያጠቧት እኔ ባመጣሁት ውሃ ነው። መቃብር ድረስ መሄድ ስለማይቻል ከመስጊዱ ጀርባ ካለው ባዶ ቦታ ቀበርናት። ሐጃ እጄን ይዘው «አል-በረካ ፊኩም» አሉኝ፤ ለሐዘንተኛ የሚባል ነው። እኔ ግን እንባዬም አልመጣ። በጭንቅላቴ የሚመላለሰው የእሷ ጥያቄ ነበር። አሁን የሚጠየቅላት እሷ ናት።

ኔትወርክ አልነበረም። ሰፈሩን ሁሉ ብዞር መልሱ «ማፊ ሸበካ» ነው። በማግስቱ የሳተላይት ኢንተርኔት ወዳለበት ቤት ሄድኩ፤ በሩ ላይ መሣሪያ የያዘ ልጅ ይቀመጣል፣ ሰው በግቢው ግድግዳ ሥር ተደርድሮ ከዘመዱ ጋር ያወራል። ስልኬ ገና ከመያያዙ ይንጫጫ ጀመር። የማውቃቸው ሰዎች ሁሉ የላኩልኝ አንድ ምስል ነው። ጓደኛዬ ናት፤ ፊቷ ሙሉ ለሙሉ ይታያል።

በአንድ ቀን ምን ያልሆነችው ነገር አለ። የአንደኛው ወገን ጣቢያ «የማዶዎቹ ወንጀል» ብሎ ከወታደራዊ ዘፈን ጋር አቅርቧታል። የሌላኛው ወገን ሰዎች ደግሞ ለሥራ እንዲመቻት ከቀሚሷ ሥር የምትለብሰውን ሱሪ በቀይ ክብ ከበውት «ከሐበሻ የመጣች ቅጥረኛ ተኳሽ» ብለዋታል። ሰው እንዴት በሱሪ ተኳሽ ይሆናል? ጥይት ሲተኮስ አልጋ ሥር ገብታ እግሬን የምትይዝ ሴት ናት። ተናድጄ ስልኬን ልወረውረው ነበር፤ ግን ያለኝ እሱ ብቻ ነው።

እነዚህ ሁለቱ በዓረብኛ ናቸው፤ ወሎ አይደርሱም። ያስደነገጠኝ ሦስተኛው ነው። ውጭ አገር ተቀምጦ በአማርኛ የሚያሰራጭ፣ ብዙ ተከታይ ያለው ሰው አለ፤ እኔም ምግብ ቤቴ ውስጥ እከፍተው ነበር። ለዚያው ማታ ክርክር አሰናድቶ ማስታወቂያውን ለጥፏል። «የዚህች ሴት ደም ማንን ይከሳል?» ይላል። ሁለት ተከራካሪዎች ግራና ቀኝ ተቀምጠዋል፤ በመሃላቸው የእሷ ፊት በፊደሎቹ ግማሹ ተሸፍኖ ይታያል።

ወዲያው ደሴ ወዳለው ወንድሟ ደወልኩ። እንደዚህ ዓይነት ነገር ለእሱ እንዴት እንደሚነገር እንኳ አላውቅም ነበር፤ ስሙን ጠርቼ ዝም አልኩ፣ ገባው። ብዙ አለቀሰ። ስለ ምስሉና ስለ ማታው ክርክርም ነገርኩት። ከዚያ አፍንጫውን ጠርጎ ስለ እናቱ ማሰብ ጀመረ።

«ዛሬ እማ ቤት ድረስ አይደረስም፤ መንገዱ ከመሸ አይኬድም። ሼሁንና አጎቶቼን ልጥራ፣ እዚያው አቅራቢያ አድረን ጎህ ሲቀድ እንገባለን። ሴቶችም ይዘን ነው የምንሄደው» አለኝ። «የዛሬን ማታ ብቻ ያዥልኝ።»

«ምኑን ነው የምይዘው?»

«ሰውዬውን ነዋ። ቀበሌው በሙሉ እሱን ነው የሚያየው። ያች ጎረቤታቸው ስልኳን ግድግዳ ላይ ሰቅላ ነው የምታሳያቸው። ወላሂ እማ ያንን ፊት ካየች አትነሳም።»

ለአቅራቢው ጻፍኩለት። ሟቿ በአንድ ክፍል አብራኝ የምትኖር ናት፣ እናቷ ገና አልተረዱም፣ እባክህ እስከ ነገ ጠዋት ፊቷን አታሳይ አልኩ። ይመልስልኛል ብዬ አልጠበቅኩም። ወዲያው ደወለ። ድምፁ በቴሌቪዥን እንደሚሰማው ሳይሆን ለስለስ ያለ ነው።

«እህቴ፣ በጣም አዝኛለሁ» አለኝ። «ግን ምስሉን እኛ ብንተወው ሌላው ያወጣዋል።»

«ሌላው በዓረብኛ ነው። እናቷ ዘንድ የሚደርሰው ያንተ ነው።»

«ይገባኛል። እኛም ሬሳ ለማሳየት ብለን አይደለም እኮ። ያለ ማስረጃ ከተናገርን ውሸታም እንባላለን። ዓለም ዝም ያለው ማስረጃ ስላጣ ነው።» ከዚያ ጠየቀኝ፤ «አንቺ አብረሻት ነበርሽ?»

ምን ሊለኝ እንደሆነ ገብቶኛል።

«የዓይን ምስክር ካለኝ ምስሉ አያስፈልገኝም» አለ። «ስምሽን አልጠራም፣ ፊትሽን አላሳይም። ድምፅሽን ብቻ። የእሷንም ፊት ከማስታወቂያው ላይ አሁኑኑ አነሳለሁ።»

አለቅጥ ቀላል ነበር። ፊቷን በድምፄ ሊለውጠኝ ነው። ውሃ ልቀዳ ሄጄ ነበር ብዬ ብነግረው ምስክር አልሆንም፣ ፊቷም ማታ ግድግዳ ላይ ይሰቀላል።

«አጠገቧ ነበርኩ» አልኩት።

«አላህ ይስጥሽ፣ እግዜር ይስጥሽ» አለ፣ የየትኛው ሃይማኖት ሰው እንደሆንኩ ስላላወቀ። «ዳናው ከየት በኩል እንደመጣ አይተሻል?»

«ከየት ቢሆን ነው የሚሻለው?»

«እኛ የምንፈልገው እውነቱን ብቻ ነው» አለ ቆጣ ብሎ። ከዚያ ግን ቀስ አድርጎ፣ የሰፈሩን አቀማመጥ እየጠቀሰ፣ ከየት ሊመጣ እንደሚችል እሱው አስረዳኝ። እኔም ያለውን መልሼ አልኩለት። ከየት እንዳልኩ እዚህ አልጽፈውም። ብጽፈው ነገ አንዱ ይህችን ገጽ ቆርጦ ማስረጃ ያደርጋታል።

ቀረጸኝ። ምስር አብረን እየለቀምን ነበር አልኩ። ዳናው ሲመጣ አይቻለሁ አልኩ። አጠገቤ ወደቀች፣ ጭንቅላቷን ጭኔ ላይ አደረግሁት አልኩ። የመጨረሻውን እሱ አልጠየቀኝም፤ ከራሴ ነው የወጣው። እዚያ ላይ ስደርስ ያላለቀስኩት ልቅሶ ሁሉ መጣ፤ ሳልጨርስ ድምፄ ተሰበረ። «ይበቃል፣ ይህ ራሱ ይበቃል» አለኝ።

ሰውዬው ቃሉን ጠብቋል። ፊቷ ከማስታወቂያው ተነሳ፣ ማታም አልታየም። ክርክሩን በማግስቱ ሰማሁት። መጀመሪያ የእኔ ልቅሶ፣ ከዚያ ጸጥታ፣ ከዚያ ሁለቱ ሰዎች። አንደኛው ይህች ሴት የሞተችው መንግሥት ዜጎቹን ስለረሳ ነው አለ። ሌላው የለም፣ ይህ የሚያሳየው የውጭ እጅ በሱዳን ምን እየሠራ እንደሆነ ነው አለ። አንደኛው ደግሞ የአገር ቤቱን ጦርነት አነሳ፤ ያኔ እንደዚህ ያለችው ሴት ስትሞት የት ነበርክ ብሎ ጠየቀው። በዚህ ላይ ተጯጯሁ፣ እሷንም እኔንም ረሱን። የድሮ ደንበኞቼን ነው የመሰሉኝ፤ ልዩነቱ እነዚህ ከረባት ማሰራቸው ነው። ስሟን አንዴም አልጠሩም፤ ለዚያ እንኳ አመስግኛቸዋለሁ።

ከሰዓት በኋላ ወንድሟ ደወለ። እኔም ከግድግዳው ሥር ተቀምጬ ስጠብቀው ነው የዋልኩት።

«መርዶውን አደረሳችሁ?» አልኩት።

«አደረስን። ግን ጠብቃን ነው ያገኘናት።»

ጎህ ሲቀድ ሲደርሱ በሩ ክፍት ነው። ደጁ ተጠርጓል፣ ለሰው መቀመጫ ሰሌን ተነጥፏል። እናቱ ነጠላቸውን አዘቅዝቀው ለብሰው፣ ግድግዳ ተደግፈው ተቀምጠዋል። ሼሁ ደንግጠው ደጁ ላይ ሲቆሙ «ግቡ እንጂ፤ የመጣችሁበትን ተናገሩ» አሏቸው። ሼሁም እንደ ወጉ ተናገሩ። እናቱም እስኪጨርሱ ጠብቀው፣ ያኔ ገና ጮኸው አለቀሱ። ሴቶቹ ያዟቸው። ሌሊቱን ሙሉ ግን ብቻቸውን ነበሩ።

«ማን ነገራት?» አልኩት። የሆነ ጣቢያ ፊቷን ያወጣ መስሎኝ ነበር።

«ማታ ጎረቤቷ ስልኩን ከፍታ ነበር» አለ። «ፊት የለም፣ ስም የለም። ድምፅ ብቻ ነው። እማ ግን ከመጀመሪያው ቃል ላይ አወቀችሽ። ‹ያችማ የክርስቲያን ልጄ ናት፣ ምን ሆና ነው የምታለቅሰው?› አለች አሉ። ከዚያ እስከ መጨረሻው ሰማችው።»

ፊቷን ስደብቅ ድምፄን ሰጠኋቸው። ጁሙዓ ጁሙዓ ጉንፋኔን ሳይቀር የሚለዩት ሴት ልቅሶዬን እንደሚለዩት እንዴት አላሰብኩም? ልቤ ያኔ ፊት ላይ ብቻ ነበር። ወንድሟ አልወቀሰኝም፤ ቢወቅሰኝ ይሻለኝ ነበር።

«እማ ልታናግርሽ ትፈልጋለች» አለኝና ስልኩን ሰጣቸው።

ብዙ ሰው ይሰማል፤ የልቅሶ ቤት ነው። ከዚያ የእሳቸው ትንፋሽ ቀረበ። ይቆጡኛል፣ ይረግሙኛል ብዬ ነበር። ስለ ዳናው፣ ከየት እንደመጣ፣ ማን እንደተኮሰው አንድም ነገር አልጠየቁኝም።

«ልጄ፣ አጠገቧ ነበርሽ አይደል?» አሉኝ።

ሐጃ ሲደርሱ እንዳለቀች፣ እኔ ሰልፍ ላይ ቦታዬን ስጠብቅ እንደነበር አሁን ይነገራቸዋል? ማታ የሰሙትን፣ ሌሊቱን ሙሉ ብቻቸውን ይዘውት ያደሩትን ያችኑ አንዲት ነገር ልንጠቃቸው?

«ነበርኩ እማ» አልኳቸው።

«አልሐምዱሊላህ። ብቻዋን አልሞተችም» አሉ፣ ለእኔ ሳይሆን አጠገባቸው ላሉት ሴቶች። ከዚያ ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። «አንች ባትይውም አብረሻት ስትኖሪ ስትሰሚው ኖረሻል፤ ታውቂዋለሽ። ሸሃዳዋን አለች?»

ሙስሊም ነፍሱ ስትወጣ የመጨረሻ ቃሉ ሸሃዳ እንዲሆን ነው የሚመኘው። ይህን አውቃለሁ። ጓደኛዬ በየሶላቷ ስትለው ስንት ዓመት ሰምቻታለሁ። ያን ቀን ማንም አልሰማትም። ብላ ይሆናል፤ ምስር በእጇ እንደያዘች ሳታስበው ሄዳ ይሆናል።

«አለች እማ» አልኳቸው።

ስልኩ ውስጥ ያለቀሱት ልቅሶ ወንድሟ እንደነገረኝ የጠዋቱ ጩኸት አልነበረም፤ እፎይታ ያለበት ልቅሶ ነው። ለዚያ አቅራቢ መዋሸት ምንም አልመሰለኝም፤ ዛሬም ምንም አይመስለኝም። ይህኛውን ግን ለማን እንደምናዘዘው አላውቅም። ቄስ ዘንድ ብሄድ ስለ ሸሃዳ ምን እለዋለሁ?

ዛሬም ዴም ነኝ። አቅራቢው ከዚያ በኋላ ሦስተኛ ጦርነት ላይ ደርሷል፤ የእኔን ልቅሶ ግን አልጣለውም፣ ስለ ሌላ ሴት ሲያወራ ከሥሩ ያሰማዋል። አንዳንዱ ድምፁ ስቱዲዮ ውስጥ የተሠራ ነው ይላል።

እናቷ ጁሙዓ ጁሙዓ ማናገራቸውን አልተዉም። ኔትወርክ ባለበት ጁሙዓ ግድግዳው ሥር እቀመጣለሁ፤ ሰላምታውን ሲጨርሱ «እስቲ ድገሚልኝ» ይሉኛል። እደግምላቸዋለሁ። ምስሩን፣ ጭኔን፣ ቃሉን። አንድ ቀን ቀየር አድርጌ ብናገር ያውቁብኛል ብዬ እየፈራሁ፣ ባለፈው ያልኩትን ቃል በቃል ለማስታወስ እጣጣራለሁ። ድምፄን ያውቁታል፤ መዋሸቴን ግን እስካሁን አልሰሙብኝም፣ ወይም ሰምተው ዝም ብለውኛል።

ባለፈው ጁሙዓ አዲስ ነገር ጠየቁኝ። «ስትለው ድምፅዋ ይሰማ ነበር፣ ወይስ በከንፈሯ ብቻ ነው?» አሉኝ።

«ይሰማ ነበር እማ» አልኳቸው።